የሰባት ገጽ ጧፍ

ሰው መናቅ እንደ መንግሥት ሥራ ጡረታ የሚያስገኝ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ሙሉ ጡረታ እበላ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ዕረፍት አገልግያለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ያልናቅሁት ነጋዴ፣ ያልናቅሁት ባለ ክራቫት ካለ እስካሁን ስላልተገናኘን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ አይደለም። ቀጥሎ የምጽፈው ነገር ያለዚህ አይገባም።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ቀን ነው። ከምሳ በኋላ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ።

አባቴ ጧፍ ሠሪ ነበሩ። ቤታችን ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም፤ አሁንም እዚያው ነው። አባቴ ድርጅት የሚለውን ቃል አያውቁትም፤ «ቤቱ» ነበር የሚሉት። በቤቱ ውስጥ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አያሌው እንሠራለን። ማር ሻጮች ከየገጠሩ ያመጡልን ሰም በውሃ ይቀቀላል፣ በሻሽ ይጠለላል፣ ይረጋል። ጥጡ ይፈተላል፣ ይደረባል፣ ይከረራል። ከዚያ ክሩ በቀለጠ ሰም እየተነከረ ጧፉ ወጥ እስኪሆን ድረስ በጣውላ ላይ ይንከባለላል። ያን ጣውላ ቁመቴ ስላልደረሰበት በርጩማ ላይ ቆሜ ነው የጀመርሁት። ስድስት ዓመቴ ነበር። ትኩስ ሰም መጀመሪያ ጣትን ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ያቆስላል፣ ከዚያ ጣቱ ይለምደዋል። ደብተሬ ሰም ሰም ስለሚሸት የክፍሌ ልጆች «ንቢቱ» ይሉኝ ነበር። ያን ስም ካወጡልኝ ልጆች አንዱም የረባ ቦታ አልደረሰም። ተከታትያቸዋለሁ።

አባቴ አንድ ሕግ ነበራቸው። ከእያንዳንዱ ድስት ሰም ከተሠራው ጧፍ አንዱ ይወጣና በስንዝር ይቆረጣል። መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ተገብቶ በሩ ይዘጋል። ውጭው ቀትር ቢሆንም ውስጡ ድቅድቅ ነው። የአያቴ የብራና የጸሎት መጽሐፍ አትሮንስ ላይ ይከፈታል። አንባቢዋ በግራ እጇ ጧፉን ከገጹ በላይ አዘንብላ ትይዛለች፤ በቀኝ እጇ ትገልጣለች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሰባት ገጽ ተነብቦ እስኪያልቅ ጧፉ መጥፋት የለበትም፣ መጨስ የለበትም፣ ከሁሉም በላይ አንዲት ጠብታ ገጹ ላይ መጣል የለበትም። ከጣለ ያ ድስት በሙሉ ተመልሶ ይቀልጣል።

«በእኛ መጽሐፍ ላይ የጣለ በቤተ ክርስቲያኑም መጽሐፍ ላይ ይጥላል» ይሉ ነበር አባቴ። ክርክር የለም።

አንባቢዋ እኔ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት ለዚህ ሥራ ተብሎ ነው። ትምህርት ቤትም የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ስመለስ መጽሐፉ እዚያው አትሮንስ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። አንድ ጊዜ አገባሁ፣ አልሆነም፣ ወደ ቤቱ ተመለስሁ። ስለዚያ የምጨምረው የለኝም።

ጧፋችን በብዛት የሚሄደው ሴት ወደማትገባበት የደሴት ገዳም ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያበራሁለትን ቤት አይቼው አላውቅም። ከዳር ቆሜ ዛፎቹን ብቻ ነበር የማየው። በኋላ ዛፎቹንም ማየት ተውሁ።

ወንድሜ አያሌው ትርንጎን አገባ። ትርንጎ የማክሰኝት ልጅ ናት። ሲያገባት በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ ቤቱ የገባችበትን ቀን አስታውሳለሁ። የቀለጠ ሰም አጠገብ ስትደርስ ቀሚሷን ሰበሰበች። ለእኔ ያ በቂ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም። እሷ «እትየ» ትለኛለች፣ እኔ «አንቺ» እላታለሁ፤ ግንኙነታችን ይኸው ነበር።

አያሌው ሲሞት ቤቱን የእሱና የትርንጎ ልጅ ብሩክ ያዘው። ብሩክ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ ማኔጅመንት ተምሯል። ቤቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ማኑፋክቸሪንግ» ሆነ። ግድግዳው ላይ «ራዕይ» እና «ተልዕኮ» የሚሉ ሁለት ክፈፎች ተሰቀሉ። አባቴ ያለ ራዕይ ያን ያህል ዘመን እንዴት እንደሠሩ እግዚአብሔር ይወቅ። ቀጥሎ ሻማ የሚያወጣ ማሽን አመጣ። ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ማለትም ከተማው ሁሉ ሻማ ሲፈልግ፣ የእኛ ሻማ ማምረቻ ይቆማል። ይህን ለማሰብ አራት ዓመት ተምሯል።

አንድ ቀን ደግሞ አንገቴ ላይ ባጅ አጠለቀልኝ።

«እትየ፣ ከዛሬ ጀምሮ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ነዎት። ያንብቡት እስኪ!»

ባጁን አንሥቼ አየሁት። «ጥሩ ነው» አልሁ።

ትርንጎ አጠገቤ ነበረች። እጇን ዘርግታ ባጁን አገላብጣ ደረቴ ላይ አስተካከለችው።  እኔም ምን አገባት ብዬ ተናደድሁ።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ልነግራችሁ የጀመርሁት ቀን ከመድረሱ ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ዓይኔ ይከዳኝ ጀምሮ ነበር። ሰውን በቅርጹ፣ መንገዱን በልማድ ነበር የማውቀው። ዕቃ ቤት ገብቼ ጧፉን ሳበራ የሚታየኝ ጭጋግ ውስጥ ያለ ቢጫ ነገር ነው። ታዲያ ዓይኔ ፈዘዘ አልሁ? አላልሁም። ጧፉ ፈዘዘ አልሁ። ብሩክ የእጅ ፈትሉን በከፊል ትቶ ከሱቅ ክር መግዛት ጀምሮ ስለነበር ብርሃኑ የደከመው በዚያ ክር ነው ብዬ ደመደምሁ። ሰባቱን ገጽ ደግሞ ከስድሳ ዓመት ንባብ በኋላ መጽሐፍ ሳላይ በቃሌ እወጣቸዋለሁ። መቼ እንደምገልጥ እጄ ያውቃል። ስለዚህ እየገባሁ እወጣቸው ነበር፤ ስጨርስ «አለፈ» እላለሁ፤ ጧፉ ታስሮ ይሄዳል። ሰሙ እስኪረጋ ብዬ ከምሳ በኋላ ገጹን በጣቴ ስዳብሰው ሁልጊዜ ልስልስ ነው፣ ጠብታ የለበትም። እኔም ስለ ሥራዬ ቅንጣት አልተጠራጠርሁም።

የተጠራጠርሁት ትርንጎን ነው። «አለፈ» ብዬ የተውሁት እስር አንዳንዴ በማግሥቱ ሳነሣው ቀሎ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዴም ጭራሽ አጣዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከትርንጎ ጓዳ ደግሞ የቀለጠ ሰም ይሸታል። አፍንጫዬ አልከዳኝም። ሰማችንን እያቀለጠች ትሸጣለች አልሁ። እንደዚያ ካለች ሴት ሌላ ምን ይጠበቃል? ጊዜው ሲደርስ በሰው ፊት ላወጣባት ቀጠሮ ይዤ ነበር።

ጊዜው ደረሰ። ጥቅምት ነበር። ምሳ በልቼ ደጃፌ ተቀምጬ ሳለ ብሩክ እየተጣደፈ መጣ።

«እትየ፣ የገዳሙ አባት እየመጡ ነው። ጀልባቸው ደርሷል፣ ባጃጅ ልኬያለሁ።»

«ምን ፈልገው?»

«ጧፋችን መጽሐፍ አበላሽቷል ብለው ነው።»

አባቴ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አሰብሁ። ቀጥሎ ግን ደስ አለኝ። እውነቱን እጽፋለሁ ካልሁ ደስ ብሎኛል።

«ክርህ ነዋ!» አልሁት። «ከሱቅ የገዛኸው ክር! ላላ ነው፣ ሰሙን አይጠጣም፣ ያንጠባጥባል። ተናግሬ ነበር።»

«እትየ፣ እባክዎ ዛሬ ብቻ ይተውኝ። እሳቸው ጧፋችንን መውሰድ ካቆሙ የእጁን ሥራ እዘጋዋለሁ። ለማን ብዬ እይዘዋለሁ? ቤቱን መጋዘን አደርገዋለሁ።»

ቤቱ ውስጥ ሦስት ጧፍ ሠሪ ሴቶች አሉ፤ ትንሿ እንኳ አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። እኔም የምተኛው የዚያው ቤት ጥግ ካለችው ክፍል ነው።

«እኔስ የት ነው የምከማቸው?» አልሁት። «ከጆንያው በላይ ነው ከጆንያው በታች?»

«አይቀልዱ እንጂ እትየ።»

«አልቀለድሁም። ዝም ብለህ ተቀመጥና እየኝ። በአባቴ ሕግ እፈትነዋለሁ። በሱቅ ክር የተሠራውንና በእጅ ፈትል የተሠራውን ለይቼ ለአባ አሳያቸዋለሁ። ክርህን ይዘህ ትወጣለህ፣ እኛ እንቀራለን።»

አባ ገብረ ሕይወት በዱላቸው እየተደገፉ ገቡ። የእኔ እኩያ ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጧፍ ሊወስዱ ሲመጡ አውቃቸዋለሁ። የክርስትና ስሜን የሚጠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። መስቀል ተሳለምሁ። ትርንጎም ከጓዳ ወጥታ ተሳለመች። ብሩክ ወንበር አቀረበና ስለ ድርጅቱ ተልዕኮ መናገር ጀመረ።

«ቆይ ልጄ» አሉት አባ። «ወለተ ሐና፣ ደህና ነሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባታችን።»

ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ግማሽ የነደደ ጧፍ ነው።

«የናንተ ነው?»

በጣቴ አገላበጥሁት። የጣውላችን ወጥነት አለው። «የኛ ነው» አልሁ።

«ለፍልሰታ ከመጣልን ነው። ዲያቆኑ ሲያነብ ገጹ ላይ ጣለ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ቦታ ነው። ሰሙን ልናነሣው ብለን ስንፍቀው ፊደሉ አብሮ ተነሣ። ያን የብራና ቅጠል የጻፉት ሰው ከሞቱ ብዙ ዘመናቸው ነው። ማን ይመልሰዋል?»

የነደደውን ጧፍ በመዳፌ ጨበጥሁት። 

«አባታችን» አልሁ፣ «ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ክር ነው። ይህ ልጅ የእጅ ፈትል ውድ ነው ብሎ ከሱቅ አመጣ። ሁለተኛውን በእርስዎ ፊት መናገር አልፈልግም ነበር።»

እፈልግ ነበር። በጣም እፈልግ ነበር።

«ተናገሪው» አሉ።

«ከዚህ ቤት ሰም ይሰረቃል። እኔ ‹አለፈ› ብዬ ያሰርሁት ጧፍ ይጎድላል። ማን እንደሚያጎድለው አፍንጫ ያለው ሁሉ ከሰዓት በኋላ በእሷ ጓዳ በኩል ይለፍ።»

ብሩክ «እትየ!» ብሎ ብድግ አለ። ሴቶቹ ጣውላቸውን ማንከባለል አቆሙ። ትርንጎን ጠበቅኋት። ታለቅሳለች ወይም ትጮኻለች ብዬ ነበር። 

አባ ግን፣ «መጀመሪያ ጧፉን እንየው» አሉ።

ዕቃ ቤት ገባን፦ አባ፣ ብሩክ፣ ትርንጎና እኔ። በሩ ተዘጋ። ብሩክ ከዚያው ሳምንት ሥራ በስንዝር የተቆረጡ ሁለት ጧፎች ይዟል፤ አንዱ የሱቅ ክር፣ አንዱ የእጅ ፈትል። አባ መጽሐፉን ራሳቸው ከማኅደሩ አውጥተው አትሮንሱ ላይ ከፈቱት።

«ከየት ልጀምር?» አልሁ፣ ለወጉ።

«እንደ ልማድሽ» አሉ።

የሱቁ ክር ጧፍ ተለኮሰ። ቢጫው ጭጋግ ታየኝ። «ይኸው፣ ፈዛዛ ነው፣ አያችሁ?» አልሁ። ማንም አልመለሰልኝም፤ እንደ ስምምነት ቆጠርሁት። አዘንብዬ ያዝሁና ጀመርሁ።

እንደዚያ ቀን አንብቤ አላውቅም። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ብሩክ ግዕዝ የማይገባው መሆኑ እንዲሰማው፣ ትርንጎ ማን ቤት እንደገባች እንዲሰማት፣ አባም እኔ በማልገባበት ደሴት የእኔን ያህል የሚያነብ ስንት አለ ብለው ራሳቸውን እንዲጠይቁ። ሁለተኛውን ገጽ ገለጥሁ። ሦስተኛውን ገለጥሁ።

«እትየ» አለች ትርንጎ ቀስ ብላ።

«ዝም በይ! ንባብ ላይ ነኝ።»

አራተኛውን ገለጥሁ። የሰዎቹ ዝምታ እየከበደ መጣ። አድናቆት መስሎኝ ነበር። አምስት። ስድስት። ሰባተኛውን እንደ መጨረሻ በረከት አድርጌ ወጣሁትና ጧፉን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ አጠፋሁት።

«ይህ የሱቁ ክር ነው» አልሁ። «ብርሃኑን አይታችኋል። አሁን የእጅ ፈትሉን ለኩሱልኝና ልዩነቱን እዩ።»

«በሩን ክፈተው ልጄ» አሉ አባ ለብሩክ።

በሩ ተከፈተ። የቀኑ ብርሃን ገባ።

«ወለተ ሐና፣ ጣትሽን አምጪ።»

እጄን ይዘው ገጹ ላይ አኖሩት። ጠብታ ነበር። ገና ለስላሳ፣ ገና ለብ ያለ። ጣቴን አንቀሳቀሱት፤ ሌላ ጠብታ። ገጹን መለስ አደረጉት፤ እዚያም አለ። ከሰባቱ ገጽ ጠብታ የሌለበት ሁለት ብቻ ነበር።

«ክሩ ነው ብያለሁ እኮ» አልሁ። ድምፄ ግን የእኔ አልመሰለኝም።

«ክሩ ይሆናል። ስታነቢ እያየሽ ለምን አላቆምሽም?»

ጣቴን ከገጹ ላይ አነሣሁ።

«ሌላም ልንገርሽ» አሉ በለሆሳስ። «መጽሐፉን የከፈትሁት ከመካከሉ ላይ ነው። አንቺ ያነበብሽው መጀመሪያውን ነው።»

ሰው ከደረጃ ላይ ሲወድቅ መሬት እስኪደርስ ያለችውን ቅጽበት ታውቋት ይሆናል። እዚያ ውስጥ ሆኜ ብሩክ ሲናገር ሰማሁ።

«አባታችን፣ መነጽራቸውን ረስተው ነው! ዛሬ በጣም ተቻኮልን። እኔ ነኝ ያጣደፍኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና—»

ይህ ልጅ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያድነኝ ሞከረ፤ እሱም በውሸት። «አዎ» ብል ኖሮ ይሠራ ነበር። አባ ምናልባት አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ቤቱ ይተርፋል፣ ክፍሌ ትተርፋለች፣ ባጁም አንገቴ ላይ ይኖራል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ያገደኝ ቅድስና አይመስላችሁ። በብሩክ ውሸት ተሸሽጌ መኖርን ናቅሁት። ንቀቴ ለአንድ ቀን ጠቀመኝ።

«መነጽር ኖሮኝ አያውቅም» አልሁ። «ፊደል ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በቃሌ ነው የምወጣው።»

ብሩክ ቁጭ አለ። ምን ላይ እንደተቀመጠ እንጃ፤ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

 «ይህ አልገባኝም» አሉ አባ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያላየሽውን ጧፍ ስንወስድ ነበር። ለፍልሰታ የመጣው ብቻ ነው የጣለብን። ሌላው አንድም አልጣለም። እንዴት ይሆናል?»

ይህን እኔም ሳስብ ቆየሁ። የፍልሰታው ጧፍ የተሠራው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቤቱ ምን ነበር? ጸጥ ያለ ነበር። ከጓዳ የሰም ሽታ አልነበረም። ትርንጎ ወንድሟ ሞቶ ለለቅሶ ማክሰኝት ሄዳ ነበር። ሁለት ሳምንት ተኩል ቆይታለች። አለመኖሯ ደስ ብሎኝ ስለነበር ቀኑን በደንብ አስታውሰዋለሁ።

ዞርሁ። በበሩ ብርሃን ላይ ቅርጿ ይታየኛል።

«ትርንጎ» አልሁ። ስሟን ከጠራሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ አላውቅም። «ሰሙን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አቀልጥና ድስቱ ላይ እመልሰዋለሁ።»

«የቱን?»

«የሚጥለውን ነዋ። እርስዎ ‹አለፈ› ካሉ በኋላ ከየእስሩ አንድ አንድ እየመዘዝሁ ጓዳ ውስጥ አበራለሁ። ያ እስር የሚጥል ከሆነ ክሩን አውጥቼ ሰሙን እመልሳለሁ። እሱን ነው የሸተተዎት።»

«ገጹስ? ገጹ ላይ ጠብታ አልነበረም። እኔ ዳብሼዋለሁ።»

«እፍቀው ነበር። እርስዎ ምሳ ሲበሉ።»

ከሴቶቹ አንዷ ከደጅ ሆና «ውይ!» ስትል ሰማሁ። ለካ ሁሉም በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ትርንጎ ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር? ‹አንቺ ደግሞ ስለ ጧፍ ልታስተምሪኝ ነው!› ይሉኝ ነበር። ደግሞ ለእርስዎ ብዬ አይምሰልዎት። አያሌው ሲሞት ‹እትየን አደራ› ብሎኝ ነው። አደራው ስለ ዓይንዎ ይሁን ስለ ምላስዎ ግን አልነገረኝም።»

አባ ሳላቸው መጣ። ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁትም።

ከዚያ ነገሩ በፍጥነት ተወሰነ። አባ ብሩክን አስጠግተው፣ የሱቁ ክር እንዲቀር፣ ፈትሉ የእጅ እንዲሆን አዘዙት። በዚያስ ትክክል ነበርሁ፤ ይመዝገብልኝ። ብሩክ «ኮሚቴ አቋቁመን» ብሎ ሲጀምር፣ «ኮሚቴው ጧፍ ይይዛል?» ብለው አስቆሙት። ጧፉን መውሰዳቸውን እንደማያቆሙ ነገሩት። በአንድ ግዴታ ግን ነው።

«ከእንግዲህ ‹አለፈ› የምትለው እሷ ናት» አሉ፣ በዱላቸው ወደ ትርንጎ እያመለከቱ። ከዚያ ወደኔ መጡና መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። «ወለተ ሐና፣ የዓይን ሞራ ይገፈፋል። ሌላውን ራስሽ ግፈፊው» አሉኝ። ብዙ መምከር አይወዱም። ጀልባቸውም ይጠብቃቸው ነበር።

ሲሄዱ ባጁን ከአንገቴ አወጣሁና ለትርንጎ ዘረጋሁላት።

«የእርስዎ ፎቶ ያለበትን እኔ ምን ላድርገው?» አለች። ቆየት ብላ፣ «የሰጠዎት ዕለት ገልብጠው ነበር ይዘው ያነበቡት» አለችኝ።

ያን ዕለት አወቀች ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ሞራው ተገፈፈልኝ። ሐኪም ቤት የወሰደችኝ ትርንጎ ናት። መንገዱን ሁሉ ስለ ባጃጁ ሹፌር አነዳድ ስትነጫነጭ ነበር፤ እኔም በዚያ ተስማማሁላት። ፋሻው ሲነሣ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ያየሽው ምንድን ነው ይለኛል። የትርንጎ እጅ ነው። ጠርሙስ ይዛ ዓይኔ ላይ ጠብታ ልታደርግ ጎንበስ ብላለች። አውራ ጣቷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተደራርቧል። የጥፍር ቀለም የለም። መቼ እንደተወችው አላውቅም፤ ምናልባት ሃያ ዓመት አልፎታል።

ቤት ስደርስ ዕቃ ቤት ገባሁና መጽሐፉን በቀን ብርሃን ደጃፍ ላይ ይዤው ተቀመጥሁ። ብራናውን ወደ ፀሐይ አድርጌ ገለጥሁት። በሰባቱ ገጾች ላይ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ በፊደሎቹ ጎንና ጎን፣ ብራናው የሳሳባቸው ትንንሽ ነጠብጣቦች አሉ። ብርሃን ያሳልፋሉ። እያንዳንዱ የተፋቀ ጠብታ ነው። ልቆጥራቸው ጀመርሁና ተውሁት። ከጠብታዎቹ ብዙዎቹ የወደቁት ፊደል ላይ ነበር። የገዳሙ ሰዎች አራት ጠብታ ሲፍቁ ፊደል ነቅለዋል። ይህች ጸሐፊ፣ ይህች ቀሚሷን የሰበሰበች ሴት፣ በእኔ የምሳ ሰዓት፣ በሽንኩርት ቢላ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቃለች። ሰባቱን ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማነብ ሆኜ፣ በዓይኔ አነበብሁ። አንድም ፊደል አልጎደለም።

እናንተ አንባቢዎች አሁን ተቃቀፍን፣ ተላቀስን እንድል ትጠብቁ ይሆናል። አልተቃቀፍንም። «ይቅርታ» ብያታለሁ፤ አንድ ጊዜ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ። «ለየቱ?» አለችኝ። ከጓዳው ወጣሁ። ሰው በስተርጅና እንደ ገጽ ይገለበጣል ብሎ የሚነግራችሁ ካለ አትመኑት። ብሩክን አሁንም እንቀዋለሁ፤ ሦስተኛ ክፈፍ ሰቅሏል፣ «እሴቶቻችን» ይላል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። አንድን ሰው ልንቅ ስነሣ በመጀመሪያ ዓይኔን እጠረጥራለሁ። ከዚያ በኋላ የምንቀው ሰው በግማሽ ቀንሷል። የቀሩት ይገባቸዋል።

አንተም፣ አንቺም፣ ቤታችሁ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያላያችሁት ሰው ካለ፣ ዓይናችሁ ደህና መሆኑን አትንገሩኝ። እኔም ደህና ነበርሁ።

አሁን የምንፈትነው ሁለት ሆነን ነው። በአባ ትእዛዝ «አለፈ» የምትለው ትርንጎ ስለሆነች ጧፉን ይዛ የምታነበው እሷ ናት። እኔ ከጎኗ ቆሜ ገጹን አያለሁ። አነባበቧ አያምርም፤ የሚጠብቀውን ታላላለች፣ የሚላላውን ታጠብቃለች። እታገሣለሁ፤ እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ እታገሣለሁ።

«እንደገና» እላታለሁ ከዚያ።

«እትየ፣ ጧፉ እኮ እየነደደ ነው!»

«ይንደድ። እንደገና።»